የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስንት ይፈጃል?

አንድ ቅዳሜ ማታ ደቡብ ሲያትል ውስጥ፣ ከሬኒየር ጎዳና ብዙም በማይርቅ የኪራይ አዳራሽ፣ አገር ቤት ለሚሠራ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ እራት ላይ ተገኝቼ ነበር። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። አንድን ማኅበር ነጥሎ መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ደግሞስ እንዲህ ያለ እራት ያልበላ የሲያትል ሐበሻ ማን አለ? ወንጌላዊው ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት፣ ኦርቶዶክሱ ለአብነት ትምህርት ቤትና ለገዳም ይጠራናል፤ እኛም ነጭ ለብሰን፣ ቼክ ይዘን እንሄዳለን።

እንደ ደንቡ ምግቡ ቀረበ፣ መብራቱ ደበዘዘ፣ ፓወርፖይንቱ በራ። ባለ ፎቅ ሕንፃ በቀለም ተስሎ አየን። አዳራሽ አለው፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ የእንግዳ ማረፊያም አለው (እንግዶቹ እኛ መሆናችን ነው)። አቅራቢው ወጣት ቅን ሰው ይመስላል። «ገንዘባችን ውስን ነው፤ ራእያችን ግን ሰፊ ነው» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ አላት። በመጨረሻ ጥያቄ ካለ ሲባል ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሕንፃው ያምራል። ተማሪዎቹ ግን ምን ይበላሉ?»

አዳራሹ ሳቀ። አቅራቢውም ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል» ብሎ አለፈ። እኔ አልሳቅሁም ብል እዋሻለሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያ ጥያቄ አላስተኛኝም። ከዚያ ወዲህ ባነበብኩት ሁሉ፣ በትንሽ ገንዘብ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ለመክፈት የተነሡ ሰዎች ታሪክ በዚያች ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር አየሁት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እኚያ እናት ይህን ለመጠየቅ የተለየ ምርምር አላስፈለጋቸውም። ያደጉበት አገር በዓለም ላይ እጅግ አነስተኛ በሆነ በጀት የሚሠራው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ያለበት አገር ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ የሰጡትን ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ሌሊት ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይዘልቃል። ድጓውን ፍለጋ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ቅኔውን ፍለጋ ዋሸራና ጎንጅ ይሄዳል። የዚህ ትምህርት ቤት የገንዘብ ምንጭ መንደሩ ነው። ምዝገባ የለውም፣ የልማት ኮሚቴ የለውም፣ ንድፍ የለውም። «ተማሪዎቹ ምን ይበላሉ?» የሚለው እዚያ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

ይህን ስል የቆሎ ተማሪን ሕይወት በቅኔ ላሽሞነሙነው አልፈልግም። ውሻ የነከሰው፣ ተስቦ የፈጀው፣ ረኀብ ያሳበደው ስንቱ ነው! ደግሞም ሥርዓቱ ለሴት ልጅ በሩን ከፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት የተዘጋውን በር ሰብረው የገቡ ናቸው። ቢሆንም ትምህርት ቤቱ ነገሥታት ሲወድቁም ሆነ የመሬት ሥሪት ሲለወጥ አልተዘጋም። የሚመግበው ሰው ከአጠገቡ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ሚሲዮናውያኑ ልለፍ፤ ከሁሉ አስቀድሞም ደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለችው ጋፋት።

በ1830 ወደ አገራችን ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ስዊሳዊው ሳሙኤል ጎባት፣ በኋላ በኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነና ወደ ኢትዮጵያ እንደገና ሰው ለመላክ አሰበ። ሰዎቹን ያገኘው ባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅድስት ክሪሾና ነው። ክሪስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር በ1840 የመሠረተው ይህ ቤት የሚፈልገው ባለ ዲግሪ አልነበረም፤ አናጢ፣ አንጥረኛ፣ ጫማ ሰፊ ነበር። ሰባኪው በእጁ ሠርቶ ይብላ፣ ትርፍ ጊዜውን ያስተምርበት የሚል ሐሳብ ነው። ሽፒትለር ከሜዲትራኒያን ዳርቻ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም አሥራ ሁለት ጣቢያዎች ሊተክል፣ ስሙንም «የሐዋርያት መንገድ» ሊለው አልሞ ነበር። ጥቂቶቹ ተከፈቱ፣ የቀሩት በወረቀት ላይ ቀሩ። ያኔ ፓወርፖይንት ቢኖር ኖሮ አሥራ ሁለቱም በቀለም ተስለው ባየናቸው ነበር።

በ1855 ክራፕፍና ፍላድ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ቀርበው ጉዳዩን ተነጋገሩ። ንጉሡ የፈለጉት ባለ እጅ ነበር፤ ሚሲዮኑም ባለ እጅ ነበረው። ከ1856 ጀምሮ የክሪሾና ሰዎች ገቡ፤ እነ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንስለን፣ ቆየት ብሎም ቫልድማየርና ዛልሙለር። ጋፋት ሰፍረው አገቡ፣ ወለዱ፣ ልጆች ሰብስበው አስተማሩ። የገንዘብ ችግራቸውን ንጉሡ ፈቱላቸው፤ ደመወዙም፣ ክብሩም፣ የሐር ቀሚሱም መጣ። ታዲያ አንድ ቀን ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። እኛ ይህን አናውቅም ብለው ቢለምኑ ሰሚ አላገኙም። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1867 ሴባስቶፖል ተሠራ፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በመጋቢት 1868 ደረሰ። በሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ፣ ሚሲዮናውያኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። የጋፋት ትምህርት ቤት ግን የለም።

ይህን ታሪክ የማነሣው በእነዚያ ሰዎች ለመሳለቅ አይደለም፤ በዚያ ዘመን እኔም ብሆን መድፉን ከመሥራት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። የማነሣው «ድሃ ሚሲዮን ንጹሕ ሚሲዮን ነው» የሚለውን ደስ የሚል ተረት ስለሚያፈርስ ነው። ሰባኪው በእጁ ሠርቶ ይብላ ሲባል የተረሳች አንዲት ነገር ነበረች፦ የእጁን ሥራ የሚገዛው ማን ነው? በጋፋት ገዢው አንድ ብቻ ነበር። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ገበያው የሚያወጣውን የሚመርጠው ገዢው ነው። ዛሬ አንድ ለጋሽ ብቻ ያለው ትምህርት ቤትም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም፤ ለጋሹ ዐፄ ቴዎድሮስ ይሁን የሲያትል ምእመን ልዩነቱ መድፉ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ ሁሉ ድካም የተረፈው ምን እንደሆነ ብናይ ደግሞ ነገሩ ይገለጽልናል። ፍላድ በልጅነቱ ወስዶ ያሳደገው ሚካኤል አረጋዊ ክሪሾና ተምሮ ተመለሰና፣ ፈረንጆቹ እንዳይገቡ በተከለከሉባቸው ዓመታት በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል ሥራውን ይዞ ቆየ። ከባርነት ነጻ ወጥቶ በምፅዋ የስዊድን ሚሲዮን ያስተማረው አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ የታተመውም እዚያው ክሪሾና ነው። አሥራ ሁለቱን ጣቢያዎች መትከል ያልቻለው ቤት አንድ መጽሐፍ ማተም ቻለ። ከዚህም በፊት የብሪታንያ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1820 ለአንድ የአማርኛ ትርጉም 1,250 ፓውንድ ከፍሎ ነበር። ተርጓሚው ካይሮ ተቀምጠው ለዓመታት የደከሙት የጎጃሙ አባ አብርሃም ናቸው፤ መጽሐፉ በሙሉ በ1840 ሲታተም እሳቸው በወረርሽኝ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በእኔ ግምት በዚያ ምዕተ ዓመት ለኢትዮጵያ ከወጣው የሚሲዮን ገንዘብ ሁሉ የተሻለ ፍሬ ያፈራው ይህ ነው፤ የወጣውም አንድ አገሬው ለሠራው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ሲያትልም የራሷ ታሪክ እንዳላት ብዙዎቻችን ልብ አላልንም። ዛሬ ሲያትል ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የምንለው በ1891 ፍሪ ሜቶዲስቶች «ሲያትል ሴሚናሪ» ብለው የመሠረቱት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር፤ ኒልስ ፒተርሰን የተባለ የማኅበሩ ሰው አምስት ኤከር መሬት ሰጠ፣ ሌላው ገንዘብ አዋጣ፣ በ1893 አሜሪካ በገንዘብ ቀውስ ስትናወጥ ትምህርት ተጀመረ። ከሐይቁ ማዶ ኪርክላንድ ያለው ኖርዝዌስት ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ በ1934፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መካከል፣ ሄንሪ ኔስ የሚባል ፓስተር ሲያትል በሚገኘው በሆሊውድ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን የጀመረው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ነው፤ ወደ ኪርክላንድ የተዛወረው በ1959፣ ማለትም ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱም ሲጀመሩ መሥራቹ፣ አስተማሪውና መዋጮ ከፋዩ የሚኖሩት እዚሁ ነበር። ተማሪው ሲራብ ያውቁታል። እኛ ደግሞ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ተከራዮች ሆነን ከአሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ላለ መንደር ሕንፃ እንነድፋለን።

አንዳንድ ወዳጆቼ የወላይታን ታሪክ ያነሡብኛል፤ «ያለ ፈረንጅ ገንዘብ ወላይታ የት ይደርስ ነበር?» ይላሉ። መልካም፣ እሱንም እንመልከተው። ዶክተር ቶማስ ላምቢና ጓደኞቹ በ1927 መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው በ1928 ወደ ደቡብ ወረዱ፤ በኋላ ኤስ አይ ኤም ብለን የምናውቀው ሚሲዮን ነው። ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፈሩ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰዎች ያጠመቁት በታኅሣሥ 1933 ነው። በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ ሰዎችንና ጥቂት የተተረጎሙ የወንጌል ክፍሎችን ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት፣ በራሳቸው ግምት፣ ወደ አሥር ሺህ አማኝ ነው።

ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እንደ ተአምር ተርኮታል፤ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናትም እንዲያ ተቀብለውት ብዙ ገንዘብ ተዋጥቶበታል። የእኔ ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል። ተአምር ነው ካልን ምክንያቱን መጠየቅ እናቆማለን። ራሱ የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናዊ የነበረው ፖል ባሊስኪ ግን በ2009 ባሳተመው ጥናት ጠይቋል። ወላይታ በ1894 በንጉሥ ጦና መሸነፍ ነጻነቷን ያጣች፣ ሥርዓቷ የተናወጠ አገር ነበረች። ሚሲዮኑ ከመምጣቱ በፊት ኤሳ ላሌ የሚባል ሰባኪ ከጋሞ ተነሥቶ ለአንዱ ለጦሳ ብቻ ስገዱ ብሎ ሰብኮ ነበር። ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ መሪዎች በጣሊያን ዘመን ታስረው ተገረፉ። ወንጌላውያኑን ወደ ጎረቤት አገሮች የላኩት የመንደር ጉባኤዎች ናቸው፤ ቤተሰባቸውን የደገፉትም እነሱ። እንግዲህ አሥር ሺዎቹ የመጡት ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት፣ ቼኩ በተቋረጠበት ጊዜ ነው። ሚሲዮኑ ምንም አልሠራም ማለቴ አይደለም፤ ዘሩን ማን እንደጣለ ግልጽ ነው። ነገር ግን ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የምንጠቅሰው ምሳሌ ገንዘቡ የሌለበት ምሳሌ መሆኑ ትንሽ አያሳፍርም?

ይኸው ነገር በሌላ መልክ ተደግሟል። ደርግ በ1982 የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፣ መሪዎቹን አሰረ፣ ናዝሬት ያለውን የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ጨምሮ ንብረቷን ወረሰ። አምስት ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት በየቤቱ ተበትነው ቆዩና በ1991 በሩ ሲከፈት ሠላሳ አራት ሺህ ገደማ ሆነው ብቅ አሉ። ኮሌጃቸውን በ1994 በትንሹ አዲስ አበባ ጀመሩ፣ በ2007 ደብረ ዘይት ወደ ራሳቸው ቦታ ገቡ። ልብ በሉ፣ እነሱም በመጨረሻ ሕንፃ ሠርተዋል! ሕንፃ ጠላት ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ግን ሕንፃው ሲመጣ የሚሞላው ሰው ቀድሞ ነበር። በእኛ ፓወርፖይንት ላይ ሕንፃው አለ፤ አስተማሪው ገና «ይቀጠራል»። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

ሰጪና ተቀባይ ሲነሣ መቼም ቄስ ጉዲና ቱምሳን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እሳቸው ዋና ጸሐፊ የነበሩባት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው። የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ለጋሾች ለልማት ሲባል በቀላሉ ይሰጣሉ፣ ለስብከትና ለትምህርተ ወንጌል ሲባል ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ደብዳቤው ያለው በአጭሩ፣ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ዘንድ ሰው አንድ ነው የሚል ነው። ይህን የጻፉ ሰዎች ገንዘቡን አልጠሉትም፤ ምን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሰጪው መሆኑን ነው የተቃወሙት። ጉዲና በ1979 በደርግ ተገደሉ። የዛሬው ለጋሽ ፈረንጅ መሆኑ ቀርቶ እኛው ሆነናል፤ ደብዳቤውም አድራሻው የተለወጠ ይመስለኛል። የእኛ ድክመት የእነዚያ ግልባጭ ነው፦ እነሱ ለነፍስ አንሰጥም አሉ፣ እኛ ደግሞ ለሲሚንቶ እንጂ ለእንጀራ አንሰጥም። ሲሚንቶ ፎቶ ይነሣል፣ ስም ይጻፍበታል። እንጀራ ተበልቶ ያልቃል።

ስለ ገንዘቡ አሠራርም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ብትሉኝም። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። በአዳራሹ ይህ እንደ መልካም ዜና ነው የቀረበልን፤ «ዶላራችሁ እጥፍ ሆነ» ተባልን። አሁን እስቲ በመንደሩ በኩል እዩት። የመንደሩ ምእመን በብር የሚያዋጣለት አስተማሪ አለ፤ አጠገቡ ከሲያትል በዶላር የሚከፈለው ሌላ አስተማሪ ይመጣል። ምእመኑ «እሱ እኮ አሜሪካ ይከፍሉታል» ብሎ እጁን ይሰበስባል። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው አስተማሪ ወይ ይሰደዳል ወይ እሱም የአሜሪካ ስፖንሰር ፍለጋ ይጀምራል። ከሲያትል የሚሄደው ገንዘብ አንድ ቀን ሲቋረጥ (ዝግጅት ኮሚቴዎቻችን በስንት ዓመት እንደሚከፈሉ እናውቃለን) ያ መንደር ቀድሞ የነበረውን የመስጠት ልማድ እንኳ አጥቶ ይቀራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት በዚህ ረገድ ከብዙ ፕሮፖዛል የበለጠ ብስለት አለው።

ሌላው የሒሳብ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሕግ የግብር ነጻነት ያላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አብዛኞቹ በየዓመቱ ፎርም 990 ሞልተው ገቢና ወጪያቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። አብያተ ክርስቲያናት ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ናቸው። ሕጉ ነጻ አወጣቸው ማለት ግን ምእመኑ ዓይኑን ይጨፍን ማለት አይደለም። ባለፉት ዓመታት የሰጠነው ገንዘብ ስንት አስተማሪ እንዳኖረ፣ ስንት መጽሐፍ እንደገዛ፣ ስንት ሴት ልጅ እንዳስገባ በአንድ ገጽ ወረቀት ቢነገረን የማንን ክብር ይነካል? ይህን ስጠይቅ «መንፈሳዊ ሥራ ላይ ዓለማዊ ጥያቄ» ያሉኝ አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ያሰባሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘውም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አድርጓል። ከእሱ በላይ መንፈሳዊ የሆነ ኮሚቴ ሲያትል ውስጥ አላየሁም።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉ ይሆናል። ትልቅ ዕቅድ የለኝም። ያለውን አስተማሪ ፈልጎ በመንደሩ መዋጮ ላይ እንጂ በመዋጮው ምትክ ሳይሆን መደገፍ፣ መጻሕፍቱን በተማሪዎቹ ቋንቋ ማሳተም፣ ሕንፃውን ሰው ሞልቶ ሲፈስ ማሰብ፤ ይኸው ነው። ለአብነት ትምህርት ቤት የምንሰጠውም ቢሆን ከዚህ አይለይም፤ ደበሎውን በዩኒፎርም ከመለወጥ በፊት የተማሪውን ቁርስና የየኔታን መድኃኒት እናስብ።

ያን ቅዳሜ ማታ ስወጣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ የፊደል ገበታ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አየሁ። በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት የሕፃናቱ የአማርኛና የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል በዚያ አዳራሽ ይሰጥ ኖሯል፤ በጎ ፈቃደኛዋን አስተማሪ በሩ ላይ አገኘኋትና ልጆቹ የት እንዳሉ ጠየቅኋት። አዳራሹ ለዝግጅቱ ስለተፈለገ የዚያን ሳምንት ትምህርት ቀርቷል አለችኝ።